ጽሑፉ ወደ ውጭ

በቁልቁለቱ አስፋልት ላይ የቀረው ጥቁር መስመር ሃያ ሦስት ሜትር ይረዝማል። አንድ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፤ መሃሉ ላይ አልተቆረጠም። የትራፊክ ፖሊሱ ከለካው በኋላ በመዝገቡ ላይ «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት» ብሎ ጽፎ ብዕሩን ወደ ኪሱ መልሷል። ኢንስፔክተሯ ግን መስመሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ በእግሯ ተከተለችው።

የሟቹ አስከሬን ተነሥቷል። ከክሊኒኮች ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ የደም ናሙና የሚያመላልስ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። ብዙ ስለማይናገር የሥራ ጓደኞቹ «ዝምታ» ይሉታል። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተር ሳይክሉ በድንገት ቆመ፤ እሱ አልቆመም። ሰዎች ከቁልቁለቱ ሥር ወዳለው የድልድይ የብረት አጥር ሮጠው ሲደርሱለት ሕይወቱ አልፏል።

«ሳጅን፣ እስቲ ግፋው» አለችው ረዳቷን።

ሳጅኑ ሞተር ሳይክሉን አቃንቶ ገፋ። የፊቱ ጎማ ዞረ፤ የኋላው አስፋልቱን እየፋቀ ተጎተተ።

«ይኼ እንደ አማቴ ነው» አለ እያለከለከ። «አንዴ ከተቀመጠ አይነሣም።»

«ፍሪሲዮኑን ያዝና ድገመው።»

በግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ገፋ። የኋላው ጎማ በቀላሉ ተሽከረከረ። ለቀቀው፤ ጎማው ዳግመኛ ደረቀ። ሳጅኑ መቀለዱን ተወ።

«ፍሬን አልነበረም» አለ።

«አልነበረም። ጎማውን ያሰረው ሞተሩ ነው። እየሄደ ሳለ ደርቆ ተጣብቋል።» ወደ ላይኛው የቁልቁለቱ ጫፍ ቀና አለች። «ድርጅቱ እንዲህ ያለ ስንት ሞተር ሳይክል አለው?»

«አሥራ አንድ።»

ከላይ አንድ ሞተር ሳይክል እየጮኸ ወረደ፤ አጠገባቸው ደረሰ፤ አለፈ። የማን እንደሆነ ባታውቅም እስኪርቅ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

*

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የፖሊስ ጋራዡ ባለሙያ የሞተሩን ጎን ከፈተ። በሦስት ቡሎን ከምትታሰር ትንሽ ክዳን ሥር የዘይት ፊልትሮው ተቀምጧል፦ በወረቀት እጥፋት የተሞላ፣ ከአውራ ጣት የማይረዝም ክብ ቆርቆሮ።

«ይመልከቱ» አለ ባለሙያው። «አንዱ ፊቱ ቀዳዳ አለው፤ ሌላው ፊቱ ድፍን ነው። ዘይቱ በወረቀቱ ተጣርቶ በቀዳዳው ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ ቀዳዳው ወደ ውስጥ፣ ወደ ሞተሩ ነው መሆን ያለበት። ይህ ግን ተገልብጧል። ድፍኑ ፊት መተላለፊያውን እንደ ቡሽ ወትፎታል። ሞተሩ ዘይት አጥቶ ነው የተቃጠለው።»

«በዚህ ሁኔታ ምን ያህል ይሄዳል?»

«ጥብቅ ብሎ ከደፈነ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ። በጎኑ ዘይት የሚያሾልክ ከሆነ ቀናትም ሊቆይ ይችላል። እርግጡን የሚነግርዎት ሰው የለም።»

በዚያ ሰዓት የድርጅቱ ሌሎች ሞተር ሳይክሎች መንገድ ላይ ነበሩ። ኢንስፔክተሯ የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

የድርጅቱ የቴክኒክ ኃላፊ በሩ ላይ ተቀበላቸው። ሸሚዙ በጥንቃቄ የተተኮሰ፣ አነጋገሩም እንደ ሸሚዙ የሆነ ሰው ነው።

«ሥራ ማቆም አልችልም፣ ኢንስፔክተር። ሳጥኖቹ ውስጥ ያለው ደም ይበላሻል። ደሙን የሚጠብቅ ሐኪም አለ፤ ሐኪሙን የሚጠብቅ በሽተኛ አለ።»

«እንግዲያው አንድ በአንድ ይጠሩና እዚሁ ይከፈቱ። ሳጅኑ ባለበት።»

ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሁለተኛው አደጋ የደረሰ ይመስላት ነበር። በመጨረሻ ሳጅኑ ወረቀቱን አመጣ።

«ስምንቱም ደህና ናቸው። የስምንቱም ቀዳዳ ወደ ውስጥ ነው።»

«አሥራ አንድ አልነበር ያልከኝ?»

«አንዱ የሟቹ። አንዱ በሸራ ተሸፍኖ ጥገና ይጠብቃል። አንዱ የዚያች የልጅቷ ነው። ስለቆመ አላስከፈትኩትም፤ ኃላፊው ‹ራሴ አይቼዋለሁ› ብሏል።»

ልጅቷ ከግንቡ ሥር ሄልሜቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እሷም ናሙና አመላላሽ ናት፤ ዝምታን ልታገባው ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። ጠዋት ቁልፏን ልታዞር ስትል ነው የመርዶው ስልክ የደረሰው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳይክሏ ካለበት አልተነቃነቀም፤ እሷም ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ኢንስፔክተሯ የጥገና ቅጾቹን አገላበጠች። የዘጠኙን ፊልትሮ የቀየረው የግቢው ዋና መካኒክ ነው፤ ቅዳሜ፣ በአንድ ቀን። የዝምታንና የልጅቷን ግን ሐሙስ ዕለት የቀየሩት የልጅቷ አባት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጡት ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ «በደንብ ቁጥር አራት መሠረት ተገጥሟል» የሚል መስመር አለ። በሁሉም ላይ ምልክት ተደርጓል፤ ተፈርሟል።

ዋናው መካኒክ ከገጠማቸው አንድም ጥፋት አልተገኘም። ጥፋቱ ሽማግሌው ከገጠሙት ላይ ነው።

*

ሰዎች «ጋሽ ጆሮ» ይሏቸዋል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የሞተርን ሕመም ስለሚያዳምጡ ነው። አሁን ግን በምርመራ ክፍሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምንም የሚያዳምጡ አይመስሉም።

«አባቴ፣ ፊልትሮውን እንዴት ገጠሙት?»

«እንደ ደንቡ።»

«ተገልብጦ ነው የተገኘው።»

«እንደ ደንቡ ነው የገጠምኩት። ፈርሜያለሁ።»

«ልጅዎን ሊያገባ ነበር።»

«ነበር።»

«እርስዎ አልፈለጉም ይባላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ግቢው ሁሉ።»

«ግቢው አፍ እንጂ ጆሮ የለውም።» ሽማግሌው መነጽራቸውን በሌለበት ሊያስተካክሉ አፍንጫቸውን ነኩ። «ሞተር ላይ የሚውል ሰው ለልጄ አልፈልግም ብዬዋለሁ። ‹እሷም የምትውለው ሞተር ላይ ነው፣ ጋሼ› አለኝ። ካወቅሁት ጀምሮ ሲናገር የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ያ ነው።»

«ተጣላችሁ።»

«ተጣላን፤ ከዚያ ሞተሩን ሠራሁለት። የጠላሁትን ሰው ሞተር አልነካም፣ ልጄ። ለሌላ ነው የምተወው።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ የማቆያ ትእዛዙን ፈረመች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። ፖሊሱ ይዟቸው ሲወጣ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሙ።

«የልጄ ሞተርስ?»

«ታይቷል። ደህና ነው።»

«ማን ነው ያየው?»

«ኃላፊው።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ደህና ነው» አሉ፤ «ደህና መሆን አለበት።» የተናገሩት ለእሷ አልነበረም።

*

ፊልትሮዎቹ የተገዙት ከአንዲት ጠባብ የመለዋወጫ ሱቅ ነው። ባለሱቋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ገና ኢንስፔክተሯ ደፉን ስትረግጥ ተናገረች።

«ኦርጅናል ነው ብዬ አልሸጥኩም።»

«ብለዋል ያለዎት ማን ነው?»

«ፊትሽ። ግቢ፣ እህቴ፤ በሩ ላይ ቆመሽ ደንበኛ አታስደንግጪብኝ።»

ሁለት ፊልትሮ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። የመጀመሪያው የሞተር ሳይክሉ ፋብሪካ የሚያወጣው ነው፤ በሁለቱም ፊቱ ቀዳዳ አለው። «ይኼን በፈለግሽው በኩል ብትገጥሚው ይሠራል» አለች። ሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራው ነው፤ ቀዳዳው በአንድ በኩል ብቻ።

«ታዲያ ይህ መጥፎ ነው?»

«አስመስሎ የተሠራ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ይኼኛው ወረቀቱ ደህና ነው፤ ጎማውም ደህና ነው። መጥፎ ማየት ከፈለግሽ ላሳይሽ።» ከባንኮኒው ሥር ሦስተኛ አወጣች። የወረቀቱ እጥፋት ከቆርቆሮው ተላቅቋል፤ በጣቷ ስትነካው ሙጫው እንደ ደረቅ ቅርፊት ረገፈ። «ይኼ ዘይት አያጣራም፤ ራሱ ቆሻሻ ሆኖ ሞተር ውስጥ ይገባል። አስመጪ መጥቶ ‹ውሰጂልኝ› ሲለኝ አውጥቼ ‹እንዲህ ያለ ነው?› እለዋለሁ። ተመልሶ የመጣ የለም።»

«የሁለተኛው ጥፋቱ ታዲያ ምንድን ነው?»

«አንድ ነገር ብቻ። ጽሑፉን ያተሙት በቀዳዳው ፊት ላይ ነው። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲገባ ጽሑፉም ወደ ውስጥ ገብቶ አይታይም። ሰው ደግሞ ጽሑፍ ሲያይ ወደ ራሱ ማዞር ይወዳል።»

«ለኃላፊው ነግረውታል?»

«ናሙናውን ስሰጠው ‹ከኦርጅናሉ ጋር አስተያየው› አልኩት። ‹አይቻለሁ› አለ። አላየም። ያየ ሰው ጥያቄ ይጠይቃል።»

ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ፊልትሮ በየከረጢቱ አሽጋ ወጣች። መንገድ ላይ የሚያልፉትን ሞተር ሳይክሎች ላለመቁጠር ብትሞክርም እስከ ቢሮዋ ድረስ አርባ ሰባት ቆጠረች።

*

ረቡዕ ዕለት ዋናውን መካኒክ አነጋገረች። በግቢው «ቀጭኑ» ይባላል፤ ሲናገር ከወገቡ ይወዛወዛል።

«ዘጠኙንም ቅዳሜ ጨረስኩ። እንደ ደንቡ። እሑድ እህቴ ቤት ነበርኩ። ሰኞ የገባሁት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ ጥበቃውን ጠይቂው።»

ጥበቃው ሳቀ። «ቀጭኑ በሰዓቱ የመጣ ቀን ዓለም ታልፋለች። ሰኞ ቀድሞ የገባው ኃላፊው ነው። ጎህ ሲቀድ።»

«ኃላፊው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ ብሎኛል።»

«እንግዲህ የእሱ ሰዓት ቆሞ ይሆናላ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ‹መዝገብ ላስተካክል ነው› አለኝ። በኋላ ቧንቧው ጋ ሳየው እጁን በናፍጣ ይታጠባል። መዝገብ ሲያስተካክል በናፍጣ የሚታጠብ ሰው አይቼ አላውቅም፣ የኔ እመቤት።»

ሳጅኑ መኪና ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ታገሠ።

«ያዝነው» አለ።

«ምን አድርጎ? ስምንቱ ሞተር ሳይክሎች ደህና ናቸው። ሟቹን የሚጠላበት ምክንያት ያለው ሽማግሌው እንጂ እሱ አይደለም። ውሸቱን አገኘን እንጂ ምክንያቱን አላገኘንም።»

ቢሮዋ በር ላይ ልጅቷ ቆማ ትጠብቃት ነበር። በእጇ የመነጽር ማኅደር ይዛለች።

«የአባቴ ነው። ያለ እሱ ማንበብ አይችልም። ምን እንደፈረመ እንኳ ሳያይ ይፈርማል።»

«አባትሽ እጮኛሽን ይጠላ ነበር?»

ልጅቷ ማኅደሩን በእጇ አገላበጠች። «ያኮርፈው ነበር። አባቴ ሲያኮርፍ ይሠራል። ሐሙስ ዕለት የሁለታችንንም ሞተር ቀጭኑ እንዳይነካብን ብሎ በራሱ ቀን ሠራልን።» ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ነገ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ። ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። እንዳትከለክሉኝ ልለምንሽ ነው የመጣሁት።»

ለመከልከል የሚያበቃ ምክንያት አልነበረም። ሞተር ሳይክሉ ታይቷል ተብሎ በወረቀት ተጽፏል። ኢንስፔክተሯ «እሺ» አለቻት።

*

ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። የዝምታ ፊልትሮ በግልጽ ከረጢቱ ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። አሥር ጊዜ አይታዋለች። በአሥራ አንደኛው አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ድፍኑን ፊት ተመለከተች።

ቆርቆሮው ላይ ቀጭን ክብ ጭረት አለ፤ በሐር ክር የተሰመረ የሚመስል።

ለጋራዡ ባለሙያ ደወለች። «ክዳኑ ውስጥ ፊልትሮውን የሚገፋ ነገር አለ?»

«ሞላ አለ። ትንሽ፣ እንደ ጥምዝምዝ ሽቦ ያለች። ፊልትሮውን ወደ ሞተሩ ትገፋዋለች፤ ሲንቀጠቀጥ ፊቱን እየፋቀች ክብ ምልክት ትተዋለች።»

«እንዲህ ያለ ምልክት ለመተው ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?»

«ጥቂት ቀን ሥራ።»

ፊልትሮው ተገልብጦ ሲገኝ ሞላዋ ያረፈችው በቀዳዳው ፊት ላይ ነበር። የሞላዋ ጭረት ግን ያለው በድፍኑ ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ለቀናት በትክክል ተገጥሞ ሠርቷል። ከዚያ አንድ እጅ ከፍቶ አዙሮታል።

ወደ ማቆያው በፍጥነት ወረደች። ሽማግሌውን ከመቀመጫቸው ሳታስነሣ አነጋገረቻቸው።

«አባቴ፣ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ ነበር ያደረጉት። በትክክል ገጥመውት ነበር። ለምን ዋሹኝ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ አመድ መሰለ። «አልዋሸሁም። እንደ...»

«እንደ ደንቡ አይበሉኝ።»

«ደንቡን ጥሻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ባለፈው ዓመት ኃላፊው ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፎብኛል፤ ‹በራስህ ጭንቅላት ነው የምትሠራው› ብሎ። ሦስተኛው ማሰናበቻ ነው። ስለዚህ ሥራውን እንደማውቀው ሠራሁ፤ ቅጹ ላይ ግን እንደ ደንቡ ብዬ ምልክት አደረግሁ። የዝምታን እንዲህ ነው የገጠምኩት። የልጄንም።»

«ደንብ ቁጥር አራት ምንድን ነው የሚለው?»

«ሄደሽ አንብቢው። ግድግዳው ላይ ነው።»

ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ጥያቄ ማንንም አልጠየቀችም ነበር። «እንደ ደንቡ» የሚለውን በሰማች ቁጥር «በትክክል» የሚል ሰምታ ነበር።

*

ወረቀቱ በኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ተሰቅሏል። አራተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ለቁጥጥር እንዲያመች የፊልትሮው ጽሑፍ ምንጊዜም ወደ ውጭ መሆን አለበት።»

ኢንስፔክተሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ሳጅኑ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ ኃላፊው። «ክዳኑን ስከፍት የተገጠመው የትኛው እንደሆነና መቼ እንደሆነ ላነብ።»

«ኦርጅናሉ በሁለቱም ፊቱ ቀዳዳ ስላለው ደንቡ ጉዳት አልነበረውም። አዲሱ ግን ጽሑፉና ቀዳዳው በአንድ ፊት ነው። ጽሑፉ ወደ ውጭ ከሆነ ሞተሩ ዘይት አያገኝም።»

ኃላፊው ቀና ብሎ ክፈፉን አየ።

«ቀጭኑ ዘጠኙንም ጽሑፉን ወደ ውጭ አድርጎ ገጥሟል። ለደንብ የሚታዘዝ ሰው ነው። ሰኞ ከሰዓት ሳጅኑ ፊት ሲከፈቱ ግን ስምንቱም ጽሑፋቸው ወደ ውስጥ ነበር። ስምንት ፊልትሮ በራሱ አይዞርም፣ ኃላፊ።»

ሰውየው ወንበሩን ሳይስብ ተቀመጠ፤ ጫፉ ላይ ነበር ያረፈው። «እሑድ» አለ፤ ድምፁ ሟሟ። «ሰው በሌለበት አንዱን ልሞክረው ብዬ ወጣሁ። ሜዳ ላይ ደርቆ ቆመብኝ። ገፍቼ መልሼ በሸራ የሸፈንኩት እሱን ነው። ስከፍተው ገባኝ።»

«ለምን ለማንም አልተናገሩም?»

«‹ከኦርጅናሉ ጋር አንድ ነው› ብዬ የፈረምኩት እኔ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ። በሥሬ ያለውን ሁሉ በዚያ ደንብ የቀጣሁ እኔ።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አፈራረቃቸው። «ሰኞ ጎህ ሲቀድ አስተካክዬ ማንም ሳያውቅ ያልቃል አልኩ። አስተካከልኩም። አንድ ስህተት ሠራሁ፤ የዝምታን ዘለልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ‹አንዱን ዘለልክ፣ አንዱን ዘለልክ› እያልኩ ነው ያለሁት።»

«አልዘለሉትም።»

ቀና ብሎ አያት።

«ጋሽ ጆሮ ደንብዎን ጥሰው በትክክል ገጥመውት ነበር። እርስዎ ነዎት አዙረው ያበላሹት። ሲያዞሩት ቀዳዳውን አላዩም?»

«ቅጹን ነው ያየሁት» አለ በሹክሹክታ። «ቅጹ እንደ ደንቡ ይላል። ጨለም ያለ ነበር፤ ጥበቃው መጣ አልመጣ እያልኩ ነበር። እጄ ለምዶታል። መክፈት፣ ማዞር፣ መዝጋት።»

«ስንት አዞሩ?»

«የቆሙትን ሁሉ።»

«የልጅቷንም?»

መልሱን ከአፉ ሳይሆን ከፊቱ አነበበችው። ሳጅኑ መስኮቱን በርግዶ ከፈተ። ከግንቡ ሥር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሞተር ሳይክሉ በቆመበት ቦታ ላይ፣ የደረቀ መሬት ብቻ ይታያል።

«መቼ ወጣች?» ጮኸ ሳጅኑ ወደ ታች።

«አሁን!» አለ ጥበቃው። «አሥር ደቂቃም አልሆናት። ቀደም ብላ ወጣች፤ ምነው?»

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አውጥታለች። የልጅቷ ስልክ ይጠራል፤ አይነሣም። የሚነዳ ሰው ስልክ አያነሣም፤ ይህም ደንብ ነው።

«መጀመሪያ የምትደርሰው የት ነው?»

ኃላፊው የክሊኒኩን ስም አልተናገረም፤ ስልኩን ራሱ ደወለላትና አቀበላት። ጣቶቹ ቁልፎቹን ሁለት ጊዜ ስተዋል። «ከዚያ በኋላ» አለ፤ «ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለቱ ነው።»

«ሀሎ» አለች የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ።

«ፖሊስ ነኝ። ናሙና የምትወስደው ልጅ መጥታለች?»

«መጥታ ሳጥኑን ወስዳ ወጣች። ምን...»

«ሩጪ። ከመሄዷ በፊት ያዢያት። ስልኩን አትዝጊው፤ ሩጪ!»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ወንበር ተንኳኳ። የጫማ ተረከዝ ድምፅ እየራቀ ሄደ። በር ተከፈተ፤ የመንገድ ጩኸት ገባ፤ በሩ ተመልሶ ተዘጋና ጩኸቱን ቆረጠው። ከዚያ ምንም። በሌላ ክፍል አንድ ሰው ያስላል። ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ጨፍና በዚያ ምንም ውስጥ የሞተር ድምፅ ትፈልግ ነበር፤ እንዳታገኘውም ትፈልግ ነበር። ሳጅኑ አጠገቧ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። ኃላፊው ሁለት እጆቹን ጆሮዎቹ ላይ ጭኗል።

በሩ ተከፈተ። የተረከዝ ድምፅ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከባድ የጫማ ድምፅ።

«ሀሎ?» አለች ልጅቷ፤ አፏ አካባቢ ሄልሜቱ ስላለ ድምፁ የታፈነ ነው። «ማን ነው? ሴትዮዋ መሃል መንገድ ላይ ጃኬቴን ይዛ ነው ያቆመችኝ።»

«ሞተሩ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል።»

«ቁልፉ?»

«እጄ ላይ ነው። ምን ሆኖ ነው?»

ኢንስፔክተሯ ለሳጅኑ በእጇ ወደ መኪናው አመለከተችው።

«እዚያው ቆይ» አለቻት። «መኪና እልክልሻለሁ። ሞተሩን ማንም እንዳይነካው፤ አንቺም ጭምር።»

ልጅቷ ሄልሜቷን ስታወልቅ ተሰማ። ናሙና አመላላሽ ናት፤ የመካኒክ ልጅ ናት፤ ማንም ሳያስረዳት ገብቷት ነበር።

«አባቴ ነው ያበላሸው?»

«አይደለም። አባትሽ በትክክል ገጥሞት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?»

ኢንስፔክተሯ «መኪናው እየመጣ ነው» ብላ ስልኩን ለኃላፊው መለሰች።

*

ሽማግሌው በምርመራ ክፍሉ ይህ ሲነገራቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ራሳቸው አልነበረም።

«ስንት ደቂቃ ነዳችው?»

«አራት፣ አምስት። ሜዳውን ብቻ።»

«ስታጠፋው ሞተሩ ምን ድምፅ ነበረው?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«ያንኳኳ ነበር? ወይስ እንደ ፉጨት...» ጨርሰው ሊናገሩት አልቻሉም። ዘይት የጠጡ ሁለት መዳፎቻቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው፣ ትከሻቸው እስኪረጋ ድረስ ብዙ ቆዩ። ኢንስፔክተሯ አላቋረጠቻቸውም። ኃላፊው ከላይ ባለው ክፍል ቃሉን እየሰጠ መሆኑን፣ እሳቸው ዛሬውኑ ወደ ቤታቸው መሄድ እንደሚችሉ ነገረቻቸው።

አልተነሡም።

«አዞረው፤ አምኖ አዞረው» አሉ። «ምልክቱን አይቶ። ያን ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ባዶ ብተወው ኖሮ ከፍቶ ያይ ነበር።»

«ማየት የእሱ ግዴታ ነበር።»

«ነበር። እውነቱን መጻፍ ደግሞ የእኔ።» ልጃቸው ካመጣችው ማኅደር መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ፤ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ሰኞው የቃል ወረቀት ዘረጉ። የመጀመሪያዋን መስመር በጥቁር ጥፍራቸው አመለከቱ። «ይቺን ሰርዢና እንደ አዲስ ጻፊልኝ፣ ልጄ። ‹እንደ ደንቡ› ብዬሻለሁ። ውሸት ነው። ልጄ ያን ውሸት እውነት ብላ ይዛ ትኖራለች፤ ካልጻፍሽው ከእኔ ሌላ የሚነግራት የለም፤ እኔ ደግሞ አፌ አይከፈትም።»

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን ከፈተች። መስመሩን ሰረዘችው፤ ከሥሩ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀደመች።

«ይናገሩ» አለች።

«ቀዳዳውን አይቼዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «እንዲህ ብለሽ ጀምሪ። አይቼዋለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።»